በአሮጌ 386 ላይ፦ ዴስክቪው ወይስ ዊንዶውስ 3.1?

ለክርክር የቀረበው 386 ፕሮሰሰርና 4 ሜጋባይት ራም ያለው ኮምፒውተር ነው። ባለቤቱ የዶስ (የድሮው፣ በጽሑፍ ትእዛዝ የሚሠራው ኦፐሬቲንግ ሲስተም) ፕሮግራሞችን ጎን ለጎን ማስኬድ ይፈልጋል። በአንዱ ፋይል እየተቀበለ፣ በሌላው መጻፍ።

ለዴስክቪው፦ እኔ ሳላመነታ ዴስክቪው እላለሁ፤ በዶስ ላይ ተጭኖ ብዙ የዶስ ፕሮግራሞችን አንድ ላይ የሚያስኬድ ፕሮግራም ነው። 386 እያንዳንዱ የዶስ ፕሮግራም ለብቻው አንድ 8086 (የቀድሞው ፕሮሰሰር) ኮምፒውተር ያለው እንዲመስለው ማድረግ ይችላል። ዴስክቪው ደግሞ የፕሮሰሰሩን ጊዜ በየተራ ያካፍላቸዋል። በጽሑፍ ስክሪን ስለሚሠራ ብዙ ራም አይበላም። የሚሞሪ አስተዳዳሪው ኪውኢኤምኤም ከተጨመረበት ድራይቨሮቹ ለዶስ ፕሮግራሞች ከተመደበው 640 ኪሎባይት በላይ ይወጡና ቦታው ለፕሮግራሞቹ ይለቀቃል። እኔ ስክሪኑ ጥግ ላይ ትንሽ መስኮት ከፍቼ ከሌላ ኮምፒውተር ፋይል እቀበላለሁ። ከላይ ደብዳቤ እጽፋለሁ። የባይቱ ቁጥር ሲጨምር እያየሁ ነው የምተይበው። አንዴም ቆሞብኝ አያውቅም።

ለዊንዶውስ፦ ወንድሜ፣ ይህንንማ ዊንዶውስ 3.1ም ይሠራዋል እኮ! በ386 ኤንሃንስድ ሞድ (የ386ን ችሎታ በሚጠቀመው አሠራር) ሲነሳ የዶስ ፕሮግራሞችን ልክ እንዳልከው በየተራ ያስኬዳቸዋል። ሰው "ወደ ሌላ መስኮት ስሄድ ፋይሉ ቆመ" ብሎ የሚያማርረው የፒአይኤፍ ኤዲተርን (የዶስ ፕሮግራም በዊንዶውስ ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ የሚወሰንበትን) ከፍቶ ስላላየ ነው። እዚያ "ባክግራውንድ" የምትል ሣጥን አለች። ምልክት ካላደረግህባት ፕሮግራሙ ከኋላ ሲሆን ይቆማል። ካደረግህባት ይቀጥላል። አለቀ። ደግሞ ፕሪንተሩን አስብ። በዶስ እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱን የፕሪንተር ድራይቨር ይጠይቅሃል። በዊንዶውስ አንዴ ከጫንክ ለሁሉም የዊንዶውስ ፕሮግራም ይበቃል።

ለዴስክቪው፦ የፕሪንተሩን እቀበላለሁ፤ እውነት ነው። ግን የዊንዶውስ ፕሮግራሞች ራሳቸው ተራ የሚሰጣጡት በፈቃዳቸው ነው። አንዱ አልለቅም ካለ ሌሎቹ ቆመው ይጠብቁታል። በ4 ሜጋባይት ደግሞ ሁለት ሦስት ነገር ስትከፍት ራሙ ያልቅና ወደ ሃርድ ዲስክ መገልበጥ ይጀምራል። ያ የዲስክ መንቋቋት! አንድ ፊደል መትተህ እስኪታይ ትጠብቃለህ። ማሽኑ ከ386 የቀደመው 286 ቢሆንማ ጭራሽ አይወራም። እዚያ ላይ ዊንዶውስ 3.1 ከኋላ ያለውን የዶስ ፕሮግራም ያቆመዋል።

ለዊንዶውስ፦ 286 ላይ አልከራከርህም። የእኛ ግን 386 ነው፤ ራሙም ይጨመራል። ብዙዎቹ የ386 ቦርዶች ባለ 30 ፒን ሚሞሪ አራት አራት እያደረጉ ነው የሚቀበሉት። ባዶ ቦታ ካለው አራት ባለ 1 ሜጋባይት ጨምርበትና 8 አድርሰው። የዲስኩ ጩኸት ብዙው ይጠፋል።

ለዴስክቪው፦ እሺ፣ አራቱን ሚሞሪ ጨምርና ያችን ሣጥን ምልክት አድርግባት። ያንኑ ፋይል ላክልኝ፤ እኔ ደብዳቤዬን እጽፋለሁ። ቁጥሩ ካልቆመ ማሽኑ ላይ ዊንዶውስ ይጫን።