«ጠበበኝ አላልኩም፣ ያዝ አደረገኝ ነው ያልኩት»

ሰው ልብስ ሲመልስ ጠበበኝ አይልም። በእኛ በሰሜን ሸዋማ በጭራሽ። «ጨርቁ ትንሽ ያዝ ያደርጋል» ይላል። «አቆራረጡ ብዙም አልተመቸኝም» ይላል። ወይም «ልብሱስ ቆንጆ ነበር፣ ግን...» ይልና ዝም ይላል። በዚያች ዝምታ ውስጥ አንድ ሙሉ የፋሲካ ሰሞን ከነቅቤው ተቀምጧል። በሁዳዴ የታዘዘ ሱሪ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ለምን አልዘጋ እንዳለ እኔም አውቃለሁ፣ እሱም ያውቃል። ግን አይጠየቅም። እኔ ልብስ ሻጭ እንጂ ንስሐ አባት አይደለሁም።

ደብረ ብርሃን ተቀምጬ በቴሌግራም ልብስ እሸጣለሁ። ዕቃው 130 ኪሎ ሜትር አቋርጦ ከመርካቶ ይመጣል። ከእኔ ደግሞ ወደ እነዋሪ፣ ወደ መሀል ሜዳ፣ ወደ ደብረ ሲና፣ ወደ ሸዋ ሮቢት ይሄዳል። የሚያደርሱልኝ የመኪና ረዳቶች ናቸው። ብሩ በቴሌብር ወይም በባንክ ይገባል፣ ማስረጃው ስክሪንሹት ነው። እስከዚህ ድረስ ንግዱ የሠለጠነ ነው። ችግሩ ልብሱ ውስጥ ሰው ሲገባ ይጀምራል።

«ሳይዝሽ ስንት ነው እህቴ?»

«ኖርማል።»

ሁሉም ኖርማል ነው። በዚህ ዞን ወፍራምም ቀጭንም የለም። አንዳንዷ «እንደ አንቺ ነኝ» ትለኛለች፤ አይታኝ አታውቅም። ፎቶ ላኪልኝ ስል የሚመጣልኝ የምረቃ ፎቶ ነው፣ ከነጋዎኑ። ጋዎን ውስጥ ያለን ሰው ስፋት ፈጣሪ ብቻ ነው የሚያውቀው። የወንዶቹ ደግሞ ይብሳል። አብዛኛውን ጊዜ የምታዝለት ሚስቱ ናት። የባልሽ ልክ ስንት ነው ስላት «ኧረ እሱ ዘለግ ያለ፣ ደልደል ያለ፣ ጠይም ነው» ትለኛለች። ይሄ የጠፋ ሰው ማስታወቂያ እንጂ የሱሪ ልክ አይደለም።

ሜትር ቤት ውስጥ ያለው ሰው ጥቂት ነው። አንዷ ደንበኛዬ ወገቧን በስንዝር ለክታ ላከችልኝ። አራት ስንዝር ከሦስት ጣት። በማን ስንዝር ብላት «በባለቤቴ» አለችኝ። እንግዲህ የእሷን ቀሚስ ለመላክ የእሱን የጓንት ቁጥር መጠየቅ ነበረብኝ።

እውነት ለመናገር ጥፋቱ የደንበኛ ብቻ አይደለም። ቁጥሩ ራሱ ዋሾ ነው። ጀርመን 36 የምትለብስ ሴት ፈረንሳይ ስትገባ 38 ትሆናለች። ጣሊያን ስትደርስ 42፣ እንግሊዝ 10፣ አሜሪካ ደግሞ 6። አንድ ግራም ሳትጨምር፣ አንድ ግራም ሳትቀንስ፣ ድንበር በመሻገር ብቻ! የቻይናው ኤክስ ኤል ደግሞ ብዙ ጊዜ ከአውሮፓው ኤም ብዙም አይሰፋም። ደንበኛዬ ግን ቁጥሯን እንደ ደም ዓይነት ነው የያዘችው። «እኔ 38 ነኝ» ትለኛለች። የቱርክ 38 ነው የጣሊያን? «38 ነዋ!»

ፍሪ ሳይዝ ስለሚባለው ነገር ባልናገር ይሻላል። አንድ ልክ ሰፍቶ «ለሁሉም ይሆናል» ብሎ የሚልክ ፋብሪካ ሠራተኞቹ በሙሉ መንታ መሆን አለባቸው።

በእኛ አገር ላይ ደግሞ ብርዱ አለ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ናት። ኅዳር ላይ ጠዋት ውርጩ ሣሩን ነጭ ያደርገዋል። እና አንዷ ጃኬት ትገዛለች፣ በማግስቱ «እጄን አላስገባ አለኝ» ብላ ትጽፋለች።

«ከሥር ምን ለብሰሽ ነው?»

«ምንም። ሹራብ ብቻ።»

«ስንት ሹራብ?»

«ሁለት... የእማዬ ከተቆጠረ ሦስት።»

ይሄን የጃኬቱ ሰፊ ከየት ይወቀው? እሱ የለካው ሰው ነው፣ እኛ የምናለብሰው ክረምት ነው። ስለዚህ የራሴን ሕግ አወጣሁ። ለደብረ ብርሃንና ለመሀል ሜዳ አንድ ቁጥር እጨምራለሁ። ወደ ታች ለሚሄደው ግን አልጨምርም። ከጣርማ በር ዋሻ ወዲያ ቁልቁለቱ ሲጀምር ሹራቡ አንድ በአንድ ይወልቃል፤ ሸዋ ሮቢት ሲደረስ ሸሚዙም ይበዛል። ይሄን እያወቀ ከሸዋ ሮቢት የሱፍ ካፖርት ያዘዘኝ ልጅ አለ። አንድ የሚያምር ፎቶ ፌስቡክ ላይ ለጠፈ። ከዚያ «ሞቀኝ» ብሎ መለሰው። ካፖርት ስለሞቀ ሲመለስ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

አንዳንዴ አያቶቻችንን አስባለሁ። ጋቢ ሳይዝ የለውም። ኩታም፣ ነጠላም የለውም። የመንዝ በርኖስ ትከሻ ላይ ጣል ከተደረገ ለባለጸጋውም ለእረኛውም ይሆናል። ሰውዬው ቢወፍር ጋቢው አይሰማም፣ ቢከሳ አንድ ዙር ይጨምርበታል። በኛው ከተማ ስንት ዘመን ብርድ ልብስ ተመርቷል፤ «ወገቡ ላይ ያዘኝ» ተብሎ የተመለሰ ብርድ ልብስ ግን ሰምቼ አላውቅም። እኛ ግን ዚፕ አምጥተን መሀላችን አስገባን። ዚፕ ደግሞ ይሉኝታ የለውም።

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የተባለው ያኔ ተመላሽ የሚባል ነገር ስላልነበረ ይመስለኛል። ዛሬ ማንም አይበጣጥስም። ጥር 11 ይለበሳል፣ በሚካኤል ይደገማል፣ ጥር 13 ይመለሳል። «ሞክሬው ብቻ ነው፣ ሙች!» ተብሎ የመጣ ቀሚስ ከፌስታሉ ሳይወጣ ዕጣን ዕጣን ይሸታል። ጫፉ ላይ የታቦት ማደሪያው ጭቃ አለ። ልጅቷን ደግሞ በዚያው ቀሚስ፣ እሷው ራሷ በለጠፈችው ቪዲዮ ላይ እልል ስትል አይቻታለሁ። ቪዲዮውን ላይክ አድርጌያለሁ እንኳን።

ከሁሉም የሚከብደኝ የሙሉ ልብስ ነገር ነው። አንድ ጋሼ ለወንድማቸው ልጅ ሠርግ ሱፍ ገዙኝ። ከሠርጉ በኋላ መለሱት። «ትከሻው ላይ ያዝ አደረገኝ የኔ ልጅ፣ ገና ስሞክረው ነው ያወቅሁት።» ኮቱን ሳየው በሁለቱም ትከሻ ስፌቱ ተተርትሯል። ከኪሱ የሠርግ መጥሪያና የጥርስ እንጨት ወጣ። ነገሩ ገባኝ። ይሄ ኮት የተሞከረው በእስክስታ ነው። እነዚያ ኮት ሰፊዎች ሰው በትከሻው ሻንጣ እንጂ ዘፈን ይሸከማል ብለው አላሰቡም። ሰውዬው ቆሞ ፎቶ ይነሣል፣ ተቀምጦ ይበላል፣ በቃ። የመንዝ ዘፈን ሲመጣ ትከሻ ምን እንደሚሆን አያውቁም። የሱፉ ወረቀት ላይ «በላውንደሪ ብቻ ይታጠብ» ይላል፤ «እስክስታ አይመታበትም» አይልም። ታዲያ እርሳቸውን ምን ልበላቸው? «ጋሼ፣ ስንተኛው ዘፈን ላይ ነው የያዘዎት?» ይባላል? አይባልም። «ምንም አይደል ጋሼ፣ አሰፋዋለሁ» አልኩ።

አሰፋዋለሁ ያልኩት በረንዳ ላይ ሲንገር ዘርግቶ ለሚሠራ ልብስ ሰፊ ወስጄ ነው። እሱ ጋ መሄድም ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ልብሱን ይገለብጠዋል። ውስጡን ያየዋል። አፉን ይመጥጣል። «ይሄን ማን ሸጠልሽ?» ይላል። እኔው ነኝ ሻጯ። ግን ዝም እላለሁ። «አሞኝተውሻል» ይለኛል በሐዘኔታ። «ውስጡ ትርፍ ጨርቅ አልተተወለትም፣ በምን ይስፋ?» በዚህ ብቻ እውነቱን ነው። የፋብሪካ ልብስ ጨርቅ ለመቆጠብ ስፌቱ ጥግ ድረስ ይቆረጣል። ማጥበብ ይቻላል፣ ማሳጠር ይቻላል፣ ማስፋት ግን ከየት? የእኛ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ የሚፈልገው ማስፋት ነው።

እንግዲህ ተመላሽ እንዴት እንደሚጠየቅ ልንገራችሁ። ዕድሜያቸው ገፋ ያሉት አይጽፉም፣ ድምፅ ነው የሚልኩት። ድምፁ ረጅም ነው። «እንደምን ሰነበትሽ የኔ ልጅ? ቤት ሰላም? ልጆቹ እንዴት ናቸው? እናትሽ ጉልበቷን ተሻላት?» የእናቴ ጉልበት ሲጠየቅ ልቤ ድንግጥ ይላል። አንድ ቀሚስ እየተመለሰ ነው ማለት ነው። የእናቴን ጉልበት ከሐኪሟ ይልቅ የሚከታተሉት ልብስ ሊመልሱ ያሰቡ ሰዎች ናቸው። ከጉልበቱ ቀጥሎ ዝናቡ ይመጣል፣ ከዝናቡ ቀጥሎ የጤፍ ዋጋ፣ በመጨረሻ ልክ ሊዘጋ ሲል «ያቺ ቀሚስ እንኳ...» ትባላለች። ያን ጊዜ እኔ ደንግጬ ሳይሆን አፍሬ «ይመለስ እትዬ» እላለሁ። እሳቸውም «ኧረ አንቺን ማስቸገር! ይቅር!» ይላሉ። «የለም ይመለስ።» «ኧረ ይቅር።» «እኔን ሞት ይንሳኝ ይመለሳል!» ለምኜ፣ ምዬ፣ ተገዝቼ የራሴን ኪሳራ እቀበላለሁ።

ይሄ ያልሠራላቸው ደግሞ ሰው ይልካሉ። አንዴ ለአንድ ቦዲ ሁለት ሽማግሌ መጥተውብኛል። ቡና ተፈልቶላቸው፣ ዝምድና ተቆጥሮ፣ በቡልጋ በኩል አምስት ቤት ያህል ወርደን ተገናኘን። ዘመድ መሆናችን ከተረጋገጠ በኋላ ጉዳዩ ተነሣ። ሽማግሌዎቹ ቦዲ ምን እንደሆነ አያውቁም። አውጥቼ ሳሳያቸው አንደኛው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። «ይመለስላት» አሉ፣ ሳያዩት።

ሕግ የለም ወይ ትሉኝ ይሆናል። አለ እንጂ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 813፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል ይላል። ጥሩ ነው፣ እቀበላለሁ። ዚፑ ከተበላሸ፣ ቀለሙ ከለቀቀ፣ ቁልፉ ከጎደለ ያለ ሽማግሌ እመልሳለሁ። ግን ልብሱ ደህና ሆኖ አልገባ ሲል ጉድለቱ የማን ነው? ይሄን ጥያቄ ጮክ ብሎ የጠየቀ ነጋዴ በዚህ ከተማ ሁለተኛ አይሸጥም።

በአውሮፓ ኅብረት አገሮች በኢንተርኔት ልብስ የገዛ ሰው በ14 ቀን ውስጥ ያለ ምንም ምክንያት ሐሳቡን መቀየር ይችላል። ያለ ምንም ምክንያት! እኛ ጋ ምክንያት የሌለው ሰው ከየት ይመጣል? «ባለቤቴ ቀለሙን አልወደደውም።» «ንስሐ አባቴ አጠረ አሉኝ።» «እህቴም ያንኑ ገዝታ ኖሯል።» እዚያ መመለሻውን፣ ሻጩ እኔ ልክፈል ካላለ፣ ገዢው ይከፍላል። እዚህ ግን የመመለሻውን የምከፍለው እኔ ነኝ፣ ረዳቱ ደግሞ በላዩ ላይ ምክር ይጨምርልኛል። «ምነው እህቴ፣ ከፍ ከፍ ያለውን ለምን አትልኪም? ይሄን እኮ እኔ ነኝ አመላላሹ!»

የረዳቱን ምክር ሰምቼ ይሁን ሰልችቶኝ፣ አሁን ሰውነት ማስለካት ትቻለሁ። ልብስ ነው የማስለካው። «የሚሆንሽን አንድ ቀሚስ አልጋ ላይ ዘርጊ። ከብብት እስከ ብብት ለኪ። ያንን እጥፍ አድርጊው። ወገቡንም እንደዚሁ። ከትከሻ እስከ ጫፍ ደግሞ ቁመቱን።» ልብስ አይዋሽም፣ አያፍርም፣ ሆዱንም ወደ ውስጥ አይስብም። ይሄ ዘዴ በእውነት ተመላሹን ቀንሶልኛል። ሁሉም ይገባዋል ማለት ግን አይደለም። አንዷ ቀሚሱን ዘርግታ ፎቶ ላከችልኝ። ሜትር የለም፣ ቁጥር የለም። ከሥሩ «አልጋ ልብሱን ወደድሽው? አዲስ ነው» የሚል ጽፋለች።

ባለፈው ሳምንት ሁሉንም ነገር በጽሑፍ አደረግሁት። አለካኩን፣ የመመለሻ ቀኑን፣ የተለበሰ እንደማይመለስ፣ ማጓጓዣው በማን እንደሆነ፣ እስክስታን ጭምር። ረጅም ጽሑፍ ነው፣ ምንም ፎቶ የለውም፣ ነጭ ገጽ ላይ ጥቁር ፊደል ብቻ። ቻናሉ ላይ ለጠፍኩት። ብዙም ሳይቆይ አንዷ «ዋጋ በውስጥ መስመር» አለችኝ። ሌላዋ ደግሞ «ቆንጆ ነው፣ በጥቁር የለሽም?»