ለክቡር የሞተር ዙር ገዳቢ፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ቅሬታ ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

«ባሉበት» ማለቴ አድራሻዎ ጠፍቶብኝ አይደለም። በመኪናዬ የሞተር ኮምፒውተር ውስጥ፣ በደቂቃ 6500 ዙር ከምትል ቁጥር ጀርባ ተደላድለው እንደሚኖሩ አጣርቻለሁ። ነዳጅ ረግጬ ሞተሩ ዜማውን ሲያሳምር፣ ቀስቱ ወደ ቀዩ መስመር ሲንደረደር፣ ልክ ደስ ሲለኝ ብቅ ይላሉ። ት-ት-ት-ት! ኢንጀክተሮቹን ዘግተው ነዳጅ ይነፍጋሉ፤ ዙሩ ጥቂት ሲወርድ ይለቃሉ፤ መልሰው ይዘጋሉ። መኪናዬን በሰው ፊት መንተባተብ ያስተማሯት እርስዎ ነዎት።

ወሬ የሚያቀብልዎትንም ደርሼበታለሁ። ፒስተኖቹ ከሚያዞሩት የሞተር ዘንግ፣ ከኮሎው ጋር በሚዞረው ጥርሳም ጎማ አጠገብ አንድ ሴንሰር አድፍጦ ጥርስ ሲቆጥር ይውላል። በብዙ መኪኖች ጥርሶቹ 60 መሆን ሲገባቸው ሁለቱ ሆን ተብለው ተዘልለዋል፤ ክፍተቷ ባለፈች ቁጥር አንድ ዙር ሞላ ይባላል። አያቶችዎ እንዲህ ያለ የስለላ መረብ አልነበራቸውም። አንዳንዶቹ ብልጭታን ለካንዴላዎቹ በሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር ውስጥ የሚሽከረከሩ፣ በሞላ የተያዙ ቁራጭ ብረት ነበሩ፤ ፍጥነቱ ሲበዛ ወደ ውጭ ይፈናጠሩና ብልጭታው ካንዴላ ሳይደርስ ያስቀሩታል። ድሆች ነበሩ፤ ግን ሰው አይሰልሉም።

እናም እርስዎን ከወንበርዎ ለማስነሣት ባለሙያ ዘንድ ሄድኩ። ሰውየው ኮምፒውተሩን ሳይነካ በፊት «የቫልቭ ሞላዎቹንስ ትቀይራለህ?» አለኝ። ስለ ሞላ ለመወያየት እንዳልመጣሁ ነገርኩት። ትከሻውን ነቀነቀና 6500ን ሰርዞ 7500 ጻፈ። ሹመትዎ እንዲህ በቁጥር የሚሻር ከሆነ እስከዛሬ ምን አስፈራኝ?

ለነገሩ የመጀመሪያው ሳምንት ጥሩ ነበር። ጩኸቱን ማለቴ ነው። ፍጥነቱማ ያው ነው፤ እንዲያውም ሳይቀንስ አልቀረም። ለካ ሞተሬ ጉልበቱን የሚጨርሰው 6000 አካባቢ ነው፤ ከዚያ ወዲያ አየር ስቦ አይደርስም፣ ይጮሃል እንጂ አይገፋም። እኔ ግን ማርሽ መቀየሩን ትቼ ጩኸቱን አዳምጥ ነበር። ሆንዳ ኤስ 2000 ከፋብሪካው 9000 ዙር ይዞ የወጣ መኪና እንደሆነ ለባለሙያው ባስታውሰው፣ ቫልቮቹን የሚከፍተው ካምሻፍትም፣ ሞላውም፣ ፒስተኑን ከኮሎው የሚያገናኘው ቢየላም ለዚያ ዙር ተብለው የተሠሩ መሆናቸውን ነገረኝ። የሰው ደስታ የማይወድ ሰው ነው።

ሒሳቡንም ያስረዳኝ እሱው ነው። በ6500 እያንዳንዱ ፒስተን በሰከንድ ከ210 ጊዜ በላይ ቆሞ አቅጣጫውን ይቀይራል። በቢየላው ላይ የሚያርፈው ጉተታ ደግሞ የሚያድገው በዙሩ ካሬ ልክ ነው፤ እኔ 15 በመቶ ዙር ብጨምር ጉተታው 33 በመቶ ተመርቆ መጣ። ሞላውም የሆነ ቦታ ላይ ቫልቩን፣ ማለትም የአየሩንና የጭሱን በር፣ በጊዜ መልሶ መዝጋት ያቅተዋል። ፒስተንና ቫልቭ ዕድሜ ልካቸውን በአንድ ግቢ ኖረው የማይተያዩ ጎረቤታሞች ናቸው። የሚገናኙት አንድ ቀን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ክሴ ልግባ። ባለፈው ከአምስተኛ ማርሽ ወደ አራተኛ ስመልስ እጄ ወደ ግራ በዛና ሁለተኛን አገኘ። ፍሪሲዮኑን ለቀቅኩ። ቀስቱ እርስዎን አልፎ፣ ቁጥሮቹን አልፎ፣ መጨረሻው ላይ ተጋጭቶ ቆመ። እርስዎስ የት ነበሩ? ነዳጁን በታማኝነት ዘግተው ተቀምጠው ነበር! ሞተሩን ያሽከረክሩ የነበሩት ጎማዎቹ እንደሆኑ፣ ጎማ ደግሞ ነዳጅ እንደማይጠይቅ አላስተዋሉም። በሰላሙ ቀን ሁሉ በሬ ላይ ቆመው ሲገላምጡኝ ኖረው፣ ሌባው በጓሮ ሲገባ ቁልፍ ይዘው ተገኙ። «በ6500ም ቢሆን አያስጥልህም ነበር» ያለኝን ባለሙያ ምስክርነት አልቀበልም፤ ጥፋቱ የእርስዎ ነው፤ እጄን ወደዚህ ክርክር አያስገቡብኝ።

ቫልቮቹ ያሉበት የሞተሩ ክዳን (ቴስታታው) ተፈቶ ጠረጴዛ ላይ ነው። ተጠግኖ ሲገጠም ወደ 6500 ወንበርዎ እንዲመለሱ ፈቅጃለሁ። ይቅርታ እንደጠየቅሁ ተደርጎ እንዳይወሰድ።

ከሰላምታ ጋር
የመኪናው ባለቤት

ግልባጭ፦
ለኮሎው ሴንሰር
ለ16ቱ ቫልቮች (በሥራ ገበታቸው ላይ ለሚገኙት 12ቱ ብቻ)