የሹም ሀብት ለሕዝብ ይታይ

ስዊድን የምንኖር ሐበሾች ስለ አገራችን ሙስና ስናነሳ ጨዋታው ብዙ ጊዜ «ፈረንጅ ሕሊና አለው፤ የእኛ ሰው ግን አይለወጥም» በሚል ያልቃል። እኔ ይህን አልቀበልም። የስዊድኑ የቴሌኮም ኩባንያ ኤሪክሰን በ2019 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካ መንግሥት ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል የተስማማው፣ ጎረቤታችንን ጅቡቲን ጨምሮ በተለያዩ አገሮች ጉቦ ተሰጥቷል ተብሎ ነው። አገሩ ላይ የሚጠነቀቅ ድርጅት ባሕር ሲሻገር እጁን የፈታው፣ የሚያየው የለም ብሎ ነው።

እዚህ ከ1766 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመንግሥት ሰነድ የሕዝብ ነው። ማዘጋጃ ቤት ሄዶ የሹሙን የሆቴል ደረሰኝ አሳዩኝ የሚል ሰው ማንነቱንም ምክንያቱንም አይጠየቅም። በ1995 እ.ኤ.አ. ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትሯ ሞና ሳሊን በመንግሥት ካርድ የግል ዕቃ መግዛታቸው ሲጋለጥ ለጠቅላይ ሚኒስትርነት ከመወዳደር ወጥተዋል። ከተገዛው መሀል ቸኮሌት ነበረበት። ለጋዜጠኛ መረጃ የሰጠውን ሠራተኛ «ማነው?» ብሎ ማፈላለግ ደግሞ አለቃውን ራሱን ያስከስሳል። ከሁሉ የምቀናው በዚህ ሕግ ነው።

እኛ ጋ ተቋም አልጠፋም። ፀረ ሙስና ኮሚሽን በ1993 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በ2008 የመመርመርና የመክሰስ ሥልጣኑ ለፖሊስና ለጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ተላለፈ፤ ኅዳር 2015 ሌላ ብሔራዊ ኮሚቴ መጣ። ዋና ኦዲተር በየዓመቱ ፓርላማ ቀርቦ ያለ ደረሰኝ የወጣውን፣ ሳይወራረድ የከረመውን ገንዘብ ይዘረዝራል፤ ለከርሞም ያንኑ ይደግማል። ኅዳር 2011 በጦር መኮንኖች ይመራ የነበረው የመንግሥት ድርጅት የሜቴክ ኃላፊዎች ሲታሰሩ ብዙዎቻችን ደስ ብሎን ነበር። ሹም የሚጠየቀው ፖለቲካው ሲዞርበት ብቻ ከሆነ ግን ወንበር ላይ ያለው የሚማረው ወገን ማብዛትን ነው።

የአባቴን ቤት ስም ለማዛወር አንድ የመሬት ቢሮ ሄጄ «ፋይሉ የለም» ተባልኩ። ኮሪደሩ ላይ አንድ ጉዳይ ገዳይ ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ ፋይሉ አለ፤ ለልጆቹ የሻይ ይበሉ፣ ከሰዓት ይወጣል» አለኝ። እኔ እምቢ ብዬ ጠበቃ ማቆም እችላለሁ። ከኋላዬ የነበሩት እናት ግን ለሻዩም ለጠበቃውም የሚሆን አልነበራቸውም። ወረቀታቸውን በፌስታል አቅፈው «ነገ ልምጣ ልጄ?» እያሉ መስኮቱ ሥር ይለማመጡ ነበር። ሙስና ሲባል የሚታዩኝ እሳቸው ናቸው።

የሀብት ማሳወቅና ማስመዝገብ አዋጅ ቁጥር 668/2002 የተመዘገበው የሹማምንት ሀብት ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን ይላል። እኚያ እናት ግን ስማቸውን ጽፈው «የኃላፊውን ሀብት አሳዩኝ» ብለው ያመልክቱ? ጉዳያቸው እኮ በእሱ እጅ ነው። መዝገቡ ከሚኒስትር እስከ ወረዳ ኃላፊ በድረ ገጽ ይለቀቅ፤ ማንም ስሙን ሳይናገር በስልኩ ይክፈተው። የሰፈሩ ሰው የሹሙን ደመወዝም አዲሱን ሕንፃም ያውቃል፤ ማመሳከር አያቅተውም።