ትኬት ተቆርጦ የሚታቀፍ ሕመምተኛ

አንድ የዱር አእዋፍ ማገገሚያ ማዕከል በሩን ለጎብኚ እከፍታለሁ ብሏል። መክፈቱ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። ግን ትኬት የቆረጠ ሰው ጫጩት በእጁ ይዞ ያበላል፣ ጉጉት ክንዱ ላይ አስቀምጦ ፎቶ ይነሳል ተባለ። ለወፎቹ አይከብድም ወይ ሲባሉ ደግሞ፣ ሰው ለምደዋል፣ ሲያዙም ጸጥ ይላሉ አሉ።

ጸጥ ይላሉ! ይህን መንገደኛ ቢለው ይቅር ይባል ነበር። ወፍ አክማለሁ የሚል ተቋም እንዴት አፉን ሞልቶ ይለዋል? ዱር ውስጥ ደካማ መስሎ የታየ ቶሎ ይበላል፤ ስለዚህ ወፍ ሕመሙን ይደብቃል። እጅ ውስጥ ሲገባ ጸጥ የሚለውም አውሬ የያዘው ስለሚመስለው ነው። እንዲህ ዓይነት ጉብኝት ሌላ ቦታ አይቻለሁ። አንዲት ጉጉት ከእጅ ወደ እጅ ትዞራለች። ላባዋን ከገላዋ ጋር አጣብቃ፣ ምንቃሯን ከፍታ ታለከልካለች። አጠገቤ የቆመ አባት ለልጁ «አየሃት፣ ስትስቅልህ!» አለው።

ደግሞም ወፍ እንደኛ ድያፍራም፣ ማለትም ከሳንባ ሥር ሆኖ ለመተንፈስ የሚረዳ ጡንቻ፣ የለውም። የሚተነፍሰው ደረቱን እያንቀሳቀሰ ነው። አንድ ልጅ በፍቅር ጠበቅ አድርጎ ቢይዘው አፈነው ማለት ነው።

ይህም ይቅር። እኔን የሚያንገበግበኝ የጫጩቶቹ ነገር ነው። ብዙ ዓይነት ጫጩት ዓይኑን ገልጦ ያየውን፣ የሚያበላውን እናቴ ብሎ ይይዛል። የእንስሳትን ጠባይ ያጠና የነበረው ኦስትሪያዊው ሳይንቲስት ኮንራድ ሎሬንዝ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ፣ ከእንቁላል ሲወጡ እሱን ያዩ የዝይ ጫጩቶች በየሄደበት እንደሚከተሉት አሳይቷል። በ1973 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዱ ነው። አዲስ ወሬ አይደለም እኮ! ሰውን እናቴ ያለ ጭልፊት ሲለቀቅ ምን ይሆናል? ሰው ትከሻ ላይ ወርዶ አብላኝ ይላል። ያላወቀው ሰው ደግሞ ሊያጠቃኝ ነው ብሎ በዱላ ይለዋል። አቻውን ትቶ ሰው ፊት የፍቅር ጭፈራ የሚጨፍርም አለ። ያስቃል፤ ዘር ግን አይተካም።

የካሊፎርኒያ ኮንዶር የሚባለው ግዙፍ የአሜሪካ አሞራ እ.ኤ.አ. በ1982 በዓለም ላይ 22 ብቻ ቀርቶ ነበር። በ1987 ዱር ውስጥ የቀረው የመጨረሻው ሳይቀር ተይዞ እንዲራባ ተደረገ። አሳዳጊዎቹ የኮንዶር ራስና አንገት የሚመስል አሻንጉሊት እንደ ጓንት እጃቸው ላይ አጥልቀው፣ ራሳቸው ተደብቀው ጫጩቶቹን አበሉ። ይህ ሁሉ ተደርጎም ከ1992 ጀምሮ ከተለቀቁት አንዳንዶቹ ወደ ሰውና ወደ ቤት እየተጠጉ አስቸገሩ፤ ተመልሰው የተያዙም ነበሩ። እነዚያ ተደብቀው እንኳ በቅጡ ያልተሳካላቸውን እነዚህ በሰልፊ ሊያሳኩት ነው?

ደግሞስ «ወላጅ አልባ» ከሚባሉት ስንቱ በእርግጥ ወላጅ አልባ ነው? ላባ አብቅሎ መሬት ላይ የሚፈናጠር ጫጩት አብዛኛውን ጊዜ መብረር እየተማረ ነው፤ ወላጆቹም እዚያው አካባቢ ሆነው ያበሉታል። ደግ ሰው አፈፍ አድርጎ ያመጣዋል። ጫጩት ማቀፍ መዝናኛ ከሆነ ነገ ስንቱ ደግ ሰው በየቁጥቋጦው ሥር ጫጩት ሲለቅም ሊውል ነው?

ልጅ ካልነካ አይወድም የሚሉም አሉ። ልጆች ዳይኖሰርን የሚወዱት የትኛውን አቅፈው ነው?

ገንዘብ ያስፈልጋል? አዎ፣ መድኃኒትና ራጅ በነጻ አይመጣም። እሺ፣ ጎብኚው በካሜራ ይመልከት፣ ወይም ወፉ እሱን በማያይበት መስታወት በኩል። የተሰበረ ክንፍ ራጅ ላይ የተቀረቀረች የጥይት ፍንጣሪ አሳዩት፤ ከሺህ ሰልፊ ይበልጣል። ዳግም መብረር የማይችል፣ መቼም የማይለቀቅ ወፍ በባለሙያ እጅ ሆኖ ቢታይ አልከራከርም፣ እሱም ካልተጨነቀ። ጫጩትና በሕክምና ላይ ያለ ግን አይነካም።

ትኬቱ ገና ካልተሸጠ ይሰረዝ። ከተሸጠም ለገዢው ገንዘቡ ይመለስለት። ለመድኃኒት ይሁን ብሎ የሚተው ካለ እሰየው።