ድሬዳዋ እንግዳዋን መልሳ ታሳድር

የጅቡቲ ባቡር በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በሌሊት አይጓዝም ነበር። ጧት ከጅቡቲ የተነሣ መንገደኛ የመጀመሪያውን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሁለተኛውን አዋሽ አድሮ በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ይገባ ነበር። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሜዳ ላይ የደረሰው ወደ ሐረር የሚያወጣው ተራራ አልደፈር ብሎ መሆኑን፣ ከተማዋም በዚሁ ሰበብ መቆርቆሯን የድሬ ልጅ ሁሉ ሲሰማ ያደገው ነው። ብዙም የማይነሣው ግን፣ ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላም ድሬዳዋ እንጀራ ትበላባቸው ከነበሩ ሥራዎች አንዱ መንገደኛ ማሳደር መሆኑ ነው። ባቡር ጣቢያውን ተጠግተው የተሠሩት የከዚራ ሰፈር ሆቴሎችና በረንዳዎች በዋናነት ያሰቡት፣ ማታ ከባቡር ወርዶ፣ አቧራውን ታጥቦና ራቱን በልቶ እስኪነጋ ድረስ የሚሄድበት የሌለውን ሰው ነበር።

ዛሬ ያ ሰው አያድርም። ከአዲስ አበባ አንድ ሰዓት ያህል በርሮ ያርፍና ሻንጣውን ተቀብሎ ሲወጣ በር ላይ የሚጠብቀው መኪና በደንገጎ አቀበት አድርጎ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው ሐረር ይዞት ይወጣል። ድሬዳዋን ያያት በመኪና መስኮት ነው፤ ሲመለስም የሚያያት በዚያው መስኮት ነው። ስለ ከተማዋ ቱሪዝም በተነሣ ቁጥር ስንት ሆቴል እንደተገነባና ስንት አልጋ እንደተጨመረ ሲቆጠር እንሰማለን። እኔ ግን የጠፋው አልጋ አይመስለኝም፤ አልጋው ላይ የሚያስተኛው ምክንያት ነው።

ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ሐረር ትበቃለች። በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን ጀጎልን አንድ ትጉህ ጎብኚ ጧት ገብቶ፣ ግንቡንና በሮቹን ዞሮ፣ በአርተር ራምቦ ስም የሚጠራውን ቤትና የሸሪፍን ሙዚየም አይቶ፣ ሐልዋውን ቀምሶ ከቀትር በኋላ ሊመለስ ይችላል። እንዳይመለስ የሚያደርገው ጅቡ ነው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ከግንቡ ውጭ አንድ ሰው ቅርጫት ሥጋ ይዞ ይቀመጣል፣ የአንድ መኪና መብራት ይበራል፣ ጅቦቹ ከጨለማው እየተጠሩ ይመጣሉ። ለረጅም ዓመታት አዳራሽም መድረክም አልነበረውም። ሆኖም ከዚያች ግማሽ ሰዓት ጀርባ የአንድ ሌሊት መኝታ፣ አንድ ራት፣ አንድ ቁርስና ብዙ ጊዜም የማግስቱ የአስጎብኚ ክፍያ ተከትሎ ይመጣል። እንግዳን ለሐረር የሚያሳድርላት ጅቡ ነው ብል የሐረር ወዳጆቼ የሚቀየሙኝ አይመስለኝም፤ እነሱም ያውቁታል።

ድሬዳዋ የራሷ ጅብ ያስፈልጋታል ስል ታዲያ አንዳንዶች ወዲያው የሚያስቡት የምሽት ክበብ ነው። የውጭ ምሳሌም አያጡም። ታይላንድ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 በባንኮክ፣ በፉኬት፣ ፓታያ በምትገኝበት በቾንቡሪና በሌሎች ጥቂት የጎብኚ መዳረሻዎች የመዝናኛ ቤቶች መዝጊያ ሰዓት እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት እንዲራዘም ፈቅዳለች፤ በወረርሽኙ ወቅት የተዳከመውን ገበያ ማነቃቃት ስለፈለገች ነው። እኛስ ለምን እንዲህ አናደርግም ይላሉ። የፓታያን እንግዳ ግን ቀን የሚይዘው ባሕሩ ነው፤ ምሽቱ ተጨማሪ ነው። ድሬዳዋ አሸዋውን እንጂ ባሕሩን አልታደለችም። የእኛ ቀን በተለይ በግንቦትና በሰኔ እንግዳን የሚያባርር ቀን ነው፤ ነዋሪውም ቢሆን ከስድስት ሰዓት በኋላ ሱቁን ዘግቶ ጥላ ፍለጋ ይገባል። ስለዚህ ለሌላው ጭማሪ የሆነው ምሽት ለእኛ ዋናው ገበታ ነው፤ ጥያቄውም የመዝጊያው ሰዓት ሳይሆን በሰዓቱ ውስጥ ምን አለ የሚለው ነው።

ምን አለ? ከአሥር ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ መብረድ ስትጀምር ለድሬዳዋ ሁለተኛ ጧት ይነጋላታል። የሱቆቹ ቆርቆሮ በር እየተንኳኳ ይከፈታል፤ በየደጁ አቧራውን የሚያስተኛ ውሃ ይረጫል፤ ከዛፎቹ ሥር ወንበሮች ይወጣሉ። እኔ በምሄድበት መጋላ አካባቢ አንዲት እናት በሰፊ ትሪ ላይ ሳምቡሳ ደርድረው፣ በቻርጅ የሚሠራ ትንሽ አምፖል ከጃንጥላው ዘንግ ላይ አንጠልጥለው ይቀመጣሉ። መብራት በጠፋ ቀን ያቺ አምፖል የመንገዱ ብቸኛ ብርሃን ትሆናለች፤ ሻሂ ሻጩም፣ ፉል የሚያቀርበው ልጅም፣ ደንበኛውም ወደ እሷ ይጠጋሉ። በአማርኛ ተጀምሮ በኦሮምኛ የሚቀጥል፣ በሶማሊኛ ተቀልዶበት «አቦ ተወኝ!» በሚል የሚዘጋ ጨዋታ የሚሰማው እዚያ ነው። ለዚህ ትኬት የሚቆርጥ የለም፤ የትኛውም የጉብኝት መርሐ ግብር ላይም ተጽፎ አላየሁም።

ባለፈው ዓመት ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ወዳጄን እዚያ አስቀምጬው እስከ አራት ሰዓት ቆየን፤ ለመሄድም አልፈለገም ነበር። ችግሩ የመጣው ስንነሣ ነው። ባጃጅ ጠፋ፤ የተገኘውም ቀን ከከፈልነው ሦስት እጥፍ ጠየቀ። ወደ ማረፊያው የሚወስደው መንገድ ግማሹ የመንገድ መብራት አልነበረውም። ደርሶ ገላውን ልታጠብ ሲል የመታጠቢያው ወንፊት በነጭ ደለል ተደፍኖ ጠብታ ብቻ ሆነበት፤ ከሥሩ አንድ ባልዲና አንድ ጆግ ተቀምጠው ጠብቀውታል። የድሬዳዋ ውሃ ደለሉ ከባድ እንደሆነ፣ ቧንቧንም ጀበናንም እንደሚደፍን ለነዋሪው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ነገር ግን በሙቀት ከተማ ውስጥ ገላውን ሳይታጠብ የተኛ እንግዳ ሁለተኛ ሌሊት አያድርም። ወዳጄም በማግስቱ ሐረር ሄደ።

የቱሪዝም መሠረተ ልማት ስንል እኔ ቀድመው የሚታዩኝ እነዚህ ናቸው፦ የውሃ ማጣሪያ፣ የመንገድ መብራት፣ ንጹሕ የሕዝብ መጸዳጃ ቤት፣ ታሪፉ ተለጥፎበት እስከ እኩለ ሌሊት የሚሠራ የባጃጅ መነሻ። ሪባን የሚቆረጥላቸው ነገሮች አይደሉም፤ ምናልባት ችላ የሚባሉትም ለዚህ ይሆናል። የኮሪደር ልማቱ ወደ ከተማችን መምጣቱና የእግረኛ መንገድና መብራት ማምጣቱ የሚመሰገን ነው። ሆኖም ድሬዳዋ ውስጥ ጥላ የሌለው አግዳሚ ወንበር እስከ ማታ ድረስ የሚቀመጥበት የለም። ከዚራን ከዚራ ያደረጓት ዛፎቿ ናቸውና፣ ለአምፖሉ የሚመደበው ገንዘብ ለችግኙና ለሚያጠጣው ሰው ደመወዝም ሊደርስ ይገባል።

አሁን ደግሞ ማን ይመጣል ወደሚለው ልለፍ፤ እዚህ ላይ ከተማዋ የተጫነላትን ግመል እያየች አለማራገፏ ይገርመኛል። በበጋቸው ወራት፣ ማለትም በእኛ ክረምት፣ ጅቡቲ ውስጥ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ሲሆን አቅም ያለው ቤተሰብ ቀዝቀዝ ወዳለ አገር ይወጣል፤ ለእነሱ ድሬዳዋ እንኳ ቀዝቃዛ ናት። የጅቡቲ ፍራንክ እ.ኤ.አ. ከ1949 ጀምሮ ከዶላር ጋር የተያያዘ ነው፤ ከ1973 ወዲህ ደግሞ አንድ ዶላር ሳይናወጥ 177.7 ፍራንክ ያህል ነው። ብር ግን ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በሌላ አነጋገር የጎረቤታችን ቤተሰብ በያዘው ፍራንክ የሚያገኘው ብር፣ ኑሮ ውድነቱ የሚበላው እንዳለ ሆኖ፣ እጅግ ጨምሯል። ይህ ቤተሰብ አውሮፕላን አያስፈልገውም፣ ቋንቋውን የሚናገርለት ሰው አያጣም፣ ዘመድም አለው።

የሚፈልገው ምሽት ግን የምሽት ክበብ አይደለም። እናት፣ አባት፣ አያትና አምስት ስድስት ልጆች ወጥተው ጭማቂ የሚጠጡበት፣ ልጆቹ የሚሯሯጡበት፣ ሴቶቹ ማንም ሳያስቸግራቸው እስከ አምስት ሰዓት የሚቀመጡበት ስፍራ ነው። የእኛ የምሽት ንግድ ደግሞ በአብዛኛው የተቀነበበው በአንድ ደንበኛ ዙሪያ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ጫቱን ቅሞ፣ ማታ ጨብሲ፣ ማለትም ምርቃናውን የሚሰብርበት መጠጥ፣ ፍለጋ በሚወጣው ወንድ ዙሪያ። እኔ በዚህ ሰው ላይ የምፈርድ አይደለሁም፤ ባህሉም አገሩም ነው። ግን በእሱ ብቻ የተመሠረተ ምሽት ጠባብ ምሽት ነው፤ የከተማዋን ግማሽ፣ ማለትም ሴቶቿን፣ እንዲሁም አብዛኛውን የጅቡቲ እንግዳ ከውጭ ያስቀራል።

ቁልቢ ገብርኤልንም በዚሁ ዓይን ነው የማየው። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ከተማዋ በምእመናን ትሞላለች፣ የአልጋ ዋጋ ሰማይ ይነካል፣ በማግስቱ ባዶ ይሆናል። በሁለት ቀን የዓመቱን ኪራይ ለማውጣት የሚደረገው ሩጫ ተሳላሚውን የሚያስመርር ሲሆን፣ አንድ ምሽት ጨምሮ እንዲቆይ የሚጋብዘው ሰው ግን እምብዛም ነው።

ደቻቱን በተመለከተ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከዚራንና መጋላን የሚለየው ይህ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ በመሆኑ መናፈሻ እናድርገው የሚሉ አሉ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት ሰው ተኝቶ ሳለ የመጣው ጎርፍ ከ250 በላይ ሰዎችን ወስዷል፤ ጎርፉም እዚህ ባልዘነበ ቀን እንኳ ከላይ ከደጋው ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ወንበሩም ድንኳኑም አሸዋው ላይ መውረድ የለበትም። ከዚያ በኋላ የተሠራውን የመከላከያ ግንብ ተከትሎ፣ ከላይ በኩል፣ በዛፍና በመብራት የሚታጀብ የእግር መንገድ መዘርጋት ግን ይቻላል፤ ከዚራን ከመጋላ በእግር የሚያገናኝ የምሽት መንገድም ይሆናል።

የድሮው ባቡር ጣቢያና ጥገና ክፍሉ ደግሞ አሉ። አዲሱ ባቡር ከከተማው ወጣ ብሎ የራሱ ጣቢያ ተሠርቶለታል፤ የቀድሞው ግቢ ከነአሮጌ ሎኮሞቲቮቹ እዚያው መሀል ከተማ ቆሟል። ቀን ፈቃድ ጠይቆ የሚገባ ጎብኚ አልፎ አልፎ ይታያል፤ በቀን ሙቀት ግን ብረት ማን ይጎበኛል? በሳምንት ሁለት ምሽት፣ ከ12 እስከ 3 ሰዓት፣ መብራት በርቶ በሩ ቢከፈትና የቀድሞ የምድር ባቡር ሠራተኞች እየተከፈላቸው ቢያስጎበኙ ምን ይጎድላል? የአፍራን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን የተመሠረተባትና ድምፃዊው ዓሊ ቢራ የተወለደባት ከተማ በዚያ ግቢ ጥግ አንድ ከበሮና አንድ ኡድ የሚጫወቱ ወጣቶች የምታጣ አትመስለኝም።

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገውን ወጪ የሚያሰሉ ባለሙያዎች ቢሯቸው ውስጥ እንዳሉ አውቃለሁ። እኔ የምጠይቃቸው ከስሌቱ በፊት አንድ ምሽት መኪናቸውን ቤት ትተው፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ከመጋላ ወደ ሳቢያን በባጃጅ ለመሄድ እንዲሞክሩ ብቻ ነው።