ድምፁ የጠፋ መስሏችሁ ቴሌቪዥኑን እንዳትመቱት

አንድ ሽማግሌ ገበሬ ወጥ ቤቱ ውስጥ ተቀምጧል። ጥግ ላይ፣ ኮርኒሱን ሊነካ ጥቂት በቀረው ረጅም ወንበር ላይ ደግሞ ደብተርና እርሳስ የያዘ ስዊድናዊ ተሰቅሏል። የስዊድናዊው ሥራ ገበሬው ከምድጃ ወደ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛ ወደ ማጠቢያ ሲመላለስ መንገዱን በወረቀት ላይ ማስመር ነው። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፤ መነጋገር ክልክል ነው።

ይህ «የወጥ ቤት ታሪኮች» የተባለው የኖርዌያዊው ዳይሬክተር የቤንት ሃመር ፊልም ነው፤ በ2003 ወጣ (ዓመቶቹንም ቀኖቹንም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው)። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳየው ሪሞቱን አንስቼ ድምፁን ጨመርሁ። ምንም አልተለወጠም። በቃና ቴሌቪዥን በአማርኛ ድምፅ የቀረቡትን የቱርክ ድራማዎች ለዓመታት የተከታተለ ሰው፣ ተዋናዩ ያዘነውን ሐዘን በቃል ሲናገር፣ ሙዚቃው ደግሞ ሲደግምለት ለምዷል። እዚህ ግን ሁለት ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ዝም ተባብለው ተቀምጠዋል፤ እኔም ከእነርሱ ጋር ዝም ብያለሁ። ሃያ ደቂቃ ያህል ከታገሥሁ በኋላ ግን ብቻዬን እየሳቅሁ ነበር።

ነገሩ ከሜዳ የተፈጠረ አይደለም። ስዊድን ውስጥ የቤት እመቤቶች ምግብ ሲሠሩ እንዴት እንደሚንቀሳቀሱ የሚያጠና ተቋም በእርግጥ ነበር። ፊልሙ መግቢያው ላይ በዚህ ይቀልዳል፤ አንዲት እመቤት በዓመት ውስጥ ወጥ ቤቷ ውስጥ የምትመላለሰው ከስዊድን እስከ ኮንጎ ይደርስ ነበር፣ ለሳይንስ ምስጋና ይግባውና አሁን ሰሜን ጣሊያን ላይ ይቆማል ይለናል። ቀጥሎ የኖርዌይ ወንደላጤዎች ይጠኑ ተባለ። ገበሬው ኢሳክ ለጥናቱ የፈቀደው ፈረስ ይሰጥሃል ስላሉት ነበር፤ የደረሰው ግን የእንጨት ፈረስ ነው። ተናድዶ ምግቡን ፎቅ ላይ መኝታ ቤቱ ውስጥ ማብሰል ይጀምራል፤ ጣሪያውን በስቶም አጥኚውን ፎልኬን ከላይ ሆኖ እሱ ራሱ ያጠናዋል። ከዚያ አንድ ቀን የአንዱ ትምባሆ ያልቃል። ሌላው የራሱን ያቀብለዋል። ሕጉ የሚፈርሰው በዚህች ቅንጣት ነገር ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ወዳጅነት ራሳችሁ እዩት።

የኖርዌይ ፊልም ሲባል ብዙ ሰው የሚጠራው ጭራቅና የሚናድ ተራራ ያለበትን ነው። አልነቅፈውም፤ በረዶና ገደል ያለው አገር ይህን ቢሸጥ መብቱ ነው። የእኔ ምርጫ ግን ሰዎቹ ትልቁን ነገር በትንሽ ድምፅ የሚናገሩባቸው ናቸው።

ለምሳሌ የኤሪክ ፖፔ «የንጉሡ እምቢታ» (2016)። ሚያዝያ 9 ቀን 1940 የጀርመን ጦር መርከቦች ወደ ዋና ከተማዋ በሚያደርሰው ጠባብ የባሕር ሰርጥ፣ በኦስሎ ፊዮርድ ይገባሉ። የኦስካርስቦርግ ምሽግ ብሉሸር የተባለችውን መርከብ ያሰጥማታል፤ በዚህ በተገኘው ጥቂት ሰዓት ንጉሡ፣ መንግሥቱና ምክር ቤቱ ከከተማዋ ይወጣሉ። በማግሥቱ የጀርመኑ መልእክተኛ ኩርት ብሮየር ኤልቨሩም ድረስ ተጉዞ ንጉሥ ሃኮን 7ኛን ያገኛቸዋል፤ ከጥያቄዎቹ አንዱ የሂትለር ወዳጅ የሆነውን ክቪስሊንግን ጠቅላይ ሚኒስትር አድርገው ይሹሙ የሚል ነበር። ሃኮን ኖርዌይ በ1905 ከስዊድን ስትለይ ሕዝቡ በድምፁ የተቀበላቸው የዴንማርክ ልዑል ናቸው፤ እምቢታቸውም ከዚያ ይመነጫል። ሕዝብ የማያምንበትን ሰው መሾም አልችልም፣ እናንተ ከተቀበላችሁ ግን ዙፋኑን እለቃለሁ ይሏቸዋል ሚኒስትሮቻቸውን። ጠረጴዛ አይደበደብም፣ ሰይፍ አይመዘዝም። ስለ ንጉሥ የተሠራ ፊልም ፉከራ ሳይኖረው እንዲህ ልብ ሲይዝ ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው። ለእኛ ደግሞ አንድ የጎን ትዝታ አለው፤ ሃኮን በሰኔ 1940 በስደት እንግሊዝ ሲገቡ፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ በዚያው ወር የአራት ዓመት ስደታቸውን አብቅተው በሱዳን በኩል ወደ አገራቸው ለመመለስ ከእንግሊዝ እየወጡ ነበር።

ከጦርነቱ ሳንወጣ የአርነ ስኮዩን «ዘጠኝ ሕይወት» (1957) አለ። በ1943 በጀርመኖች የተያዘችው ኖርዌይ ውስጥ ጥቃት ለማድረስ በጀልባ ከመጡት 12 ሰዎች አንዱ ያን ቦልስሩድ ብቻ ከጀርመኖች ያመልጣል፤ በበረዶ የሞቱ የእግር ጣቶቹን በገዛ እጁ ይቆርጣል፤ መንደርተኛው ከቤት ቤት እየተቀባበለ ወደ ስዊድን ያሻግረዋል። በ2017 እንደገና ተሠርቷል፤ አዲሱ ቀለሙ ያምራል፣ እኔ ግን ጥቁርና ነጩን እመርጣለሁ።

የቋንቋ ነገር ለሚያሳስበው የኒልስ ጋውፕ «መንገድ መሪው» (1987) ይታይ። በሳሚ ቋንቋ የተሠራ የመጀመሪያው ረጅም ፊልም ነው፤ ሳሚዎች የሰሜን ስካንዲኔቪያ ነባር ሕዝብ ናቸው፤ ጋውፕም ከእነርሱ ነው። ታሪኩ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ አፈ ታሪክ ነው፤ ዘራፊዎች ቤተሰቡን የጨረሱበት ልጅ መንገድ እንዲመራቸው ይገደዳል። ወዴት እንደሚመራቸው መገመት አያስቸግርም። ያም ሆኖ ትንፋሽ ያስቆርጣል። ለኦስካር ታጭቶ ነበር።

ዳይሬክተሩን ዮአኪም ትሪየርን ሁሉም ያውቀዋል። «የዓለም መጥፎዋ ሰው» (2021) ለተዋናይቷ ሬናቴ ራይንስቬ የካን ፌስቲቫልን የምርጥ ተዋናይት ሽልማት አስገኝቶላታል፤ ይገባታልም። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን የ2011ዱ «ኦስሎ፣ ነሐሴ 31» ነው፤ ከዕፅ ሱስ ማገገሚያ የአንድ ቀን ፈቃድ ያገኘ ወጣት ለሥራ ቃለ መጠይቅ ከተማ ይወርዳል። ካፌ ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ የሌሎችን ወሬ የሚሰማበት ክፍል አለ፤ ሁሉም የሚኖርለት ነገር አለው፣ እሱ ያዳምጣል። ተዋናዩ አንደርስ ዳኒየልሰን ሊ በሙያው ሐኪም ነው። ልባችሁ በከበደበት ምሽት አትክፈቱት።

አንዱን ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ግን የኢራም ሃክን «ሰው ምን ይላል» (2017) እላለሁ። ርእሱን ወደ አማርኛ ለመመለስ ምንም አልደከምሁም፤ እናቶቻችን አስቀድመው ተርጉመውታል። ኒሻ ኖርዌይ ያደገች የፓኪስታናውያን ልጅ ናት። ውጭ እንደ ጓደኞቿ፣ ቤት ውስጥ እንደ ወላጆቿ ፈቃድ ትኖራለች። አንድ ሌሊት አባቷ ክፍሏ ውስጥ ወንድ ልጅ ያገኛል፤ ወሬው ይዛመታል፤ ልጅቷ ሳትፈቅድ ወደ ፓኪስታን ትወሰዳለች። ዳይሬክተሯ ራሷ በ14 ዓመቷ ይህ ደርሶባታል። ቢሆንም አባትየውን ጭራቅ አላደረገችውም። ሕንዳዊው ተዋናይ አዲል ሁሴን የሚጫወተው አባት ልጁን ይወዳታል፤ የሚፈራው ጎረቤቱን፣ የአገሩን ልጅ፣ ሻይ ሊጠጣ የሚመጣውን እንግዳ ነው። ኦስሎም ሆነ ስቶክሆልም ወይም ዋሽንግተን ልጅ የሚያሳድግ ሐበሻ ይህን ፊልም ከልጁ ጋር ሊያየው ይገባል ባይ ነኝ። ጎን ለጎን ተቀምጦ፣ በመካከል ሳያቋርጥ፣ «እኛ እንደ እነሱ አይደለንም» ሳይል።

መጨረሻውን አልነግራችሁም። ኒሻ በረዶው ላይ ስትቆም ግን ዓይናችሁን ከመስኮቱ አትንቀሉ፤ አባቷ እዚያ ነው፣ አንድም ቃል አይናገርም።