የሰው ስም ሲጠራ «አቤት» ባዩ

ወዳጅ ማለት እንዲህ ነው! ሲያገኙ የሚከብማ ሞልቷል። ዳኛ የሌላ ሰው ስም ሲጠሩ ደረቱን ነፍቶ «አቤት» የሚል ግን ስንት አለ?

አንዳንድ ምቀኞች «ውክልና የሚባል ነገር አለ አይደል?» ይላሉ። አለ። ግን ውክልና ወረቀት ነው፤ ፊርማ አለው፣ ማኅተም አለው። ደግሞም ወኪል የራሱን ስም ሳይደብቅ «ወኪሉ ነኝ» ብሎ ነው የሚቆመው። የእኛ ጀግና ይህ አይበቃውም። ሰውዬውን ራሱን ይሆናል። የልደት ቀኑን፣ አድራሻውን፣ የልጆቹን ስም እንደ ውዳሴ ያነበንባል። (እኔ የራሴን አድራሻ ቅጽ ላይ ስሞላ እንኳ እሳሳታለሁ።)

ሲያስፈልግ ምስክር ይሆናል። ያላየውን ነገር ባልሆነው ሰው ዓይን አይቶ፣ ምሎ ይናገራል። ለጋስነቱ የሚታየው ግን ዋስ ሲሆን ነው። በሰው ስም፣ የሰው ቤት ያስይዛል! ተከሳሹ ሲጠፋ የቤቱ ባለቤት ዋስ እንደነበር ከፍርድ ቤት በመጣ ወረቀት ይሰማል።

የሙያው አባት ፈረንሳዊው አርኖ ዱ ቲል ነው። ማርተን ጌር የሚባል ገበሬ ቤቱን ጥሎ ሲጠፋ፣ አርኖ «ማርተን ነኝ» ብሎ መጣና ከሚስቱ ጋር ዓመታት ኖረ። ተከሶ ተፈረደበት። ይግባኝ አለ። እ.ኤ.አ. በ1560 የቱሉዝ ዳኞች ፊት የማርተንን ያለፈ ሕይወት እንደ ውኃ ሲያወርደው ዳኞቹ ግራ ተጋቡ። ሊያሸንፍ ትንሽ ሲቀረው የእንጨት እግር ያለው ሰው ችሎት ገባ። ማርተን ራሱ! ምን ዓይነት ደንታ ቢስ ነው? ሲፈለግ ጠፍቶ፣ ስሙ ሰው እጅ ላይ ሲያምር ከች አለ። አርኖም ተሰቀለ።

ዛሬ አሻራ አለ፣ ካሜራ አለ፣ ጀግናው ግን አልበረደም። እንዲያው አንድ ቀን ብቻ ነው ወኔው የሚከዳው። ለወንድሙ «ቀጠሮውን ብቻ አልፌልህ ልምጣ» ብሎ ይገባል። ዳኛው ዋስትና ከልክለው «ማረፊያ ቤት ይቆይ» ይላሉ።

«ኧረ እኔ እሱ አይደለሁም!»

ማን ይመነው? እሱ መሆኑን ከደቂቃዎች በፊት በገዛ አፉ አስመዝግቧል። ኋላ ሲጣራ ግን እውነቱ ይወጣል፤ ወንድሙም ይፈለጋል። ለጀግናችንም አዲስ መዝገብ ይከፈትለታል። በራሱ ስም።